ቁምሳጥኑ ላይ የሚላላው ቋጠሮ

ሰኞ፣ ዝናቡ በገባበት ሳምንት

ፕሮፌሰሩ ቢሯቸው ጠሩኝ። ልቤ ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። ተቀመጥ አላሉኝም፤ እሳቸውም አልተቀመጡም። በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ሰው ናቸው፤ ሳነጋግራቸው ጣሪያውንም አብሬ አያለሁ።

«ኦፕሬሽን ላይ እጅህ ይንቀጠቀጣል» አሉ።

«አዎ፣ ፕሮፌሰር።»

«ቤትህስ?»

«ኧረ ቤት ደህና ነው። ሻይ እንኳ አላፈስም።»

«ህም።»

ይህቺን «ህም» ክፍሉ በሙሉ ያውቃታል። ምን እንደያዘች ግን እስከ ዛሬ የፈታት የለም። ከዚያ ነገሩን ቁርጥ አደረጉት። ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ኦፕሬሽን ከመጀመሪያው ቅድ እስከ መጨረሻው ስፌት በራሴ እጅ እሠራለሁ፤ እሳቸው ማዶ ቆመው ያያሉ። ካማረ በቀዶ ሕክምና ወደ ሁለተኛ ዓመት አልፋለሁ። ካላማረ ቢላዋ የማያስፈልግበት ክፍል ይፈልጉልኛል።

«መጥፎ ሐኪም አይደለህም፤ ቦታህ የት እንደሆነ እንይ ነው» አሉኝ በደግነት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ለማንኛውም እኔ ግድ የለኝም። የቆዳ ሐኪም ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ማደርም ኑሮ ነው። ይህን በቀኝ እጄ ስጽፍ በግራ እጄ የመሳቢያውን እጀታ በክር እየቋጠርኩ ነው። ልማድ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ረቡዕ

እናቴ የመርፌ ክሯ የት እየገባ እንደሆነ ደረሰችበት። የወንበር እግር፣ የኩባያ ጆሮ፣ የጃንጥላ እጀታ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለው የኩሽናው ቁምሳጥን እጀታ ሳይቀር ቋጠሮ ተደርድሮበታል። ቀዶ ሕክምና የሚማር ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ጣቶቹ ሳያስቡ እስኪቋጥሩ ድረስ ያገኘውን ሁሉ ያስራል።

«ልጄ፣ ቤቱ ሊኮበልል ነው እንዴ እንዲህ ጠፍንገህ ያሰርከው?» አለች።

እናቴ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። ቤት ስትመጣም አስተማሪነቷን በር ላይ አታወልቅም። ቁምሳጥኑን ለመክፈት በእግሬ ጣቶች ስቆም ካየችኝ «መንጠራራት የለም!» ትላለች። የክፍሏ ሕግ ነው፤ አንዴ አንድ ልጅ ተንጠራርቶ መደርደሪያውን በራሱ ላይ ጥሎት ነበር። እኔ ሐኪም ነኝ፣ ፂም አለኝ፣ ሕጉ ግን ይሠራብኛል።

ትንሿ እህቴ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቷን ጨርሳለች። ክረምቱ ሲያልቅ ሕክምና ወይም ምሕንድስና መምረጥ አለባት። እራት ላይ ትክ ብላ አየችኝና «በል ምከረኝ» አለች።

«ምሕንድስና ግቢ። ድልድይ ሲንቀጠቀጥ መሐንዲሱ ቤቱ ነው።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ዳቦዬን ግን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

የወንበሩ እግር ላይ ያሰርኩት እንደ ድንጋይ ጠብቋል። የቁምሳጥኑ ማታውኑ ላልቷል። ክሩ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ተረኛ ነኝ

በጥድፊያ። አብሮኝ የሚማረው ረጅሙ «ዛሬ ጭር ብሏል» አለ። ሐኪም ሆኖ፣ ይህ ቃል በሽተኛ እንደሚጠራ እያወቀ፣ እንዲህ ይላል! ወዲያው አምቡላንስ፣ ከኋላው ሌላ። ምሳ የለም። ግማሽ ብስኩት ኪሴ ውስጥ ደቅቋል።

እሑድ

ተኝቼ ዋልኩ። እንዴት ደስ ይላል።

ስለ ረጅሙ ልጻፍ። አብረን ነው የገባነው። እሱ ከፕሮፌሰሩ በትንሽ ጣት ያህል ቢያንስ ነው፤ እኔ ትከሻው ጋ አልቃለሁ። ኮሪደር ላይ አብረን ስንሄድ በሽተኞች «ሰዓቱ መጣ» ይላሉ፤ ረጅሙና አጭሩ ቆጣሪ ማለታቸው ነው። ልጅ ሆኜ ሰልፍ ላይ ሁሌም ከፊት ነበርኩ፤ ስለዚህ አይሰማኝም። ማለቴ ብዙም አይሰማኝም።

የበላያችን ሦስተኛ ዓመቷ ናት፣ ቅጽል ስሟ መብረቅ። ከእኔም ታጥራለች። ኦፕሬሽን ክፍል ስትገባ መጀመሪያ የምትለው «መቆሚያዬ!» ነው። የብረት መቆሚያዋን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወጥታ ትቆማለች። እኔና ረጅሙ «ንግሥቲቱ ዙፋኗን አስመጣች» እየተባባልን በጭምብላችን ውስጥ እንስቃለን። ሦስተኛ ዓመት ስለሆነች ያምርባታል። አንደኛ ዓመት ሆነህ ፕሮፌሰሩ ፊት መቆሚያ ብትል ግን አልቆልህ። እኔ እንደምንም እደርሳለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

ማክሰኞ

አዲስ በሽተኛ፣ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር። ሄርኒያ አለባቸው፤ አንጀታቸው በብሽሽታቸው በኩል ወጣ ይልና ሲጋደሙ ይመለሳል። ስመረምራቸው እሳቸውም እኔን መረመሩኝ።

«ስንተኛ ነበርክ ከክፍል?»

«አንደኛ ነበርኩ፣ ጋሼ።»

«ሂሳብስ?»

«እሱ ላይ ሁለተኛ።»

«ምነው?» አሉ ከልባቸው አዝነው።

ልወጣ ስል «አንተ ነህ የምትሠራኝ?» ብለው ጠየቁኝ። ዋናው ሐኪም ይወስናል አልኳቸው። «እኔ ግን አንተን ወስኛለሁ፤ ስትነካኝ ይቅርታ ብለህ ነው የነካኸኝ» አሉ። አንጀቴን በሉኝ።

ሐሙስ

ዛሬ የኦፕሬሽን ተራዬ ነበር። በሽተኞች በሚተኙበት ዋርድ ውስጥ ቁስል የሚጠረግላቸው ብዙ ሰዎች ስለነበሩ ተራዬን ለረጅሙ ሰጠሁት። በሽተኛ ይቀድማል። ረጅሙ «ሁልጊዜ ትሰጠኛለህ፣ አይከብድህም?» አለኝ። ምን ይከብደኛል፣ ወንድም ለወንድም ነው።

ቁስል ስጠርግ እጄ ድንቅ ነው። አልጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ጎን ተቀምጬ እሠራለሁ፣ እያወራሁ። አንዲት እናት «እጅህ ላባ ነው» ብለው መረቁኝ። ላባዬን ይዤ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ዓርብ

በሻይ ክፍሉ በር ሳልፍ ስለ እኔ ሲያወሩ ሰማሁ። ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

«ዋርድ ውስጥ እኮ ወርቅ ነው» አለ ረጅሙ።

«ወርቅ ነው» አለች መብረቅ። «መሬት ቀብረውት ምን ያደርጋል?»

ወርቅ ነው ተብያለሁ። ሁለተኛውን ልብ አላልኩትም።

ሰኞ፣ ሦስተኛው ሳምንት

የጋሼ መምህር ኦፕሬሽን ለዛሬ ተይዞ፣ እኔም ልገባ ነበር፤ ድንገተኛ በሽተኛ መጣና ተላለፈ። እሳቸው በባዶ ሆዳቸው ስምንት ሰዓት ድረስ ጠብቀው «ችግር የለም፣ መጠበቅ ሙያዬ ነው፣ አርባ ልጅ እስኪገባው ጠብቄ አውቃለሁ» አሉ። እኔ ደግሞ፣ እንዴት ብዬ ልጻፈው፣ ተላለፈ ሲባል ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር ወረደ። ሰውዬው ተርበው እኔ ቀለለኝ። ከዚያ ወጥቼ ትኩስ ዳቦ ገዝቼ አመጣሁላቸው። ዳቦው ለረሃባቸው ይሁን ለሕሊናዬ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ረቡዕ

ትንሿ፦ «በል ምከረኝ።»

እኔ፦ «ሕክምና ግቢ። የአንዲት እናት ምርቃት የአንድ ሳምንት እንቅልፍ ይተካል።»

«ባለፈው ምሕንድስና አላልከኝም?»

«ባለፈው ተርቤ ነበር።»

ቅዳሜ

ዛሬ ማምለጫ አልነበረም። መብረቅ ጎትታ አስገባችኝ፤ የትርፍ አንጀት ኦፕሬሽን፣ ፕሮፌሰሩ ማዶ፣ እኔ ረዳት። ጠረጴዛው ለእሳቸው ቁመት ከፍ ብሏል። ክር ቋጥር አሉኝ። ክርኖቼ ጆሮዬ ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም፤ በእግሬ ጣቶች ቆሜ ቋጠርኩ፤ ክሩ ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። መቀሱ እጄ ላይ እንደ ደወል ነበር።

«ህም» አሉ።

መብረቅ ክሩን ተቀብላኝ ከመቆሚያዋ ላይ ሆና በሦስት እንቅስቃሴ ጨረሰችው። ስትወጣ «ምን እየጎደለህ እንደሆነ አንተው ታውቃለህ» አለችኝ። ድፍረት ማለቷ ነው። ወይም እንቅልፍ። ሁሉም ሰው መካሪ ሆኗል፦ ረጅሙ ቡና ተው ይላል፣ የማደንዘዣ ባለሙያው በረጅሙ ተንፍስ፣ የጥርስ ሐኪሙ ጎረቤታችን ደግሞ ወደ ጥርስ ና።

ቢያዘዋውሩኝ ግድ የለኝም ብዬ ነበር። ዛሬ ማታ ግድ አለኝ። ሆድ ተከፍቶ፣ የታመመው ነገር ወጥቶ፣ ሰው ሲዘጋ የሚመጣውን ዝምታ ከምንም በላይ እወደዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ሰኞ

የጋሼ መምህር ቀን ተቆረጠ፤ የፊታችን ሐሙስ። ሠሪ፦ እኔ። ማዶ፦ ፕሮፌሰሩ። ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«አጥና» አሉኝ።

«አጥንቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ያጠና ሰው እንዲህ አይገረጣም።»

ማክሰኞ

የኩሽናው አምፖል ተቃጠለ። እናቴ ወንበር ዘርግታ «አንተ ነህ የቤቱ አባወራ፣ ውጣ» አለችኝ። አዲሱን አምፖል አስገባሁ። ትንሿ ማብሪያው ጋ ቆማ «በራ! ዶክተር ብርሃን አወጣ!» ብላ አጨበጨበች። ከወንበሩ ሳልወርድ የቁምሳጥኑ እጀታ ላይ የተንጠለጠለው ላላ ያለ ክር ዓይኔን ወጋኝና፣ ፈትቼ እንደገና ቋጠርኩት። እጄ አይቶ ዝም የሚል አይደለም።

ረቡዕ ጠዋት

ቋጠሮው አልላላም።

ክሩ ያው ነው። እጄም ያው ነው። ቁምሳጥኑ ላይ ከሰኔ ጀምሮ ያሰርኩት ሁሉ ተፈትቷል፤ ወንበር ላይ ቆሜ ያሰርኩት ግን በጥርስም አይፈታም። ሻዬ ቀዘቀዘ፣ እኔ እጀታውን እያየሁ ቆሜያለሁ። ክርኔ ዝቅ ሲል እጄ ያርፋል። ክርኔ ወደ ላይ ሲሰቀል ክንዴ ይዝላል፣ ይንቀጠቀጣል። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆንም አያስፈልግ።

ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳቄ ሄደ። መፍትሔው አንዲት የብረት መቆሚያ ናት፤ መቆሚያዋ ግን አፌ ውስጥ ናት። ፕሮፌሰሩ ፊት፣ ረጅሙ እያየ፣ በዙፋኗ የሳቅኩባት መብረቅ እየሰማች «አልደርስም» ማለት አለብኝ። ያውም እኔ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሬ «እደርሳለሁ» እያልኩ ያደግኩት።

ነገ ጠዋት ተደብቄ መቆሚያውን ጠረጴዛው ሥር ባስቀምጥስ? ሰው ሳያይ ወጣ ብል? እስቲ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ይህን የሚያስብ ጭንቅላት ነው ሂሳብ ላይ ሁለተኛ የወጣው።

ረቡዕ ማታ

ትንሿ፦ «በል ምከረኝ።»

«ነገ ማታ።»

ሐሙስ

ተደብቄ አላስቀመጥኩም። ልጠይቅም አልቻልኩም። እንዲህ ነበር።

ጋሼ መምህር ከወገባቸው በታች ደንዝዘዋል፣ ከወገባቸው በላይ ግን ነቅተዋል፤ በመካከላችን አረንጓዴው ጨርቅ ተጋርዷል። ፕሮፌሰሩ ማዶ ናቸው። ረጅሙ ጥግ ላይ ለማየት ቆሟል። መብረቅ ግድግዳውን ተደግፋለች። ጠረጴዛው ያው ከፍ ብሏል። ቢላዋውን ተቀበልኩ፣ ክርኔን ሰቀልኩ፣ ጫፉ ቆዳው ላይ ሳይደርስ መጣብኝ። ያ ነገር። ቢላዋው ሲወዛወዝ ሁሉም አየ። ፕሮፌሰሩ «ህም» እንኳ አላሉም።

ቢላዋውን መለስኩ።

«ይቅርታ» አልኩ። «አልደረስኩም። መቆሚያ ፈልጌ ነበር።»

ከዚያ ከጨርቁ ማዶ፣ ከራስጌ በኩል፣ የአስተማሪ ድምፅ መጣ፦

«ስጡት እንጂ! ካልጠየቁ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ይኸው ልጁ ጠየቀ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?»

የማደንዘዣ ባለሙያው ሳቁን ለማፈን ፊቱን አዞረ። ብረት ወለሉን ሲፍቅ ሰማሁ። መብረቅ መቆሚያዋን በእግሯ እየገፋች አመጣችልኝ።

«ዙፋኑ ይኸው» አለች።

ለካ ታውቅ ነበር! ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ረጅሙን ቀና ብዬ ሳየው የጣሪያውን መብራት ያጠናል።

ወጣሁ። ክርኖቼ ጎኔ ላይ መጥተው አረፉ። ቁስሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ አየሁት፤ እስከ ዛሬ ለካ ከጎን ነበር የማየው። እጄ ጨርሶ ቆመ ብል ውሸት ነው። ትንሽ ነበረ፤ እንደ ማንኛውም ሕያው ሰው እጅ ትንሽ። ቆረጥኩ፣ ከፈትኩ፣ አንጀቱን ወደ ቤቱ መለስኩ፣ ቀዳዳውን ሰፋሁ። አንድ ቦታ ላይ የደም ሥር ደማብኝና ሳላስብ «ፕሮፌሰር፣ እዚህ ያዙልኝ» አልኩ። ያዙልኝ። እንደ ረዳት፣ እሳቸው!

የመጨረሻውን ቋጠሮ ስቋጥር ጋሼ መምህር «አለቀ?» አሉ።

«አለቀ፣ ጋሼ።»

«ስንት አገኘ?» ብለው ፕሮፌሰሩን ጠየቁ።

«አልፏል» አሉ ፕሮፌሰሩ።

እጃችንን ስንታጠብ ጎን ለጎን ቆምን። ወኔ ስለቀረልኝ ጠየቅኳቸው። «እጄ ነበር አይደል የሚያሳስብዎ?»

«እጅ ይለምዳል» አሉ። «ዓመት ሙሉ በእግር ጣቶችህ ቆመህ አንድ ቀን አልደረስኩም አላልክም። ነገ ሌሊት ብቻህን ሆነህ የሰው ሆድ በደም ሲሞላብህ ድረሱልኝ ትላለህ ወይስ እዚያም ትንጠራራለህ? እሱን ሳላውቅ በሽተኛ አንተ ላይ ጥዬ እንዴት ልተኛ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ የጠየቅኩት እኔ እንጂ አንተ መቼ ትሆን ነበር?»

ክረምቱን ሙሉ! በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር! ልናደድ ፈለግኩ፣ ግን ደስታው መንገድ ዘጋበት። ከአፌ የወጣው «ህም» ብቻ ሆነ። ፕሮፌሰሩ ዞረው አዩኝና ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ጥርሳቸው ሸራፋ ነው።

መብረቅን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። «ስለ ዙፋኑ» ብዬ ጀመርኩ።

«ከነገ ጀምሮ በየተራ እንጠቀምበታለን» አለች። «ወይም ሌላ አስመጣ። መጠየቅ ተምረህ የለ።»

ሐሙስ ማታ፣ ቤት

ለትንሿ የምነግራት ብዙ ነገር ይዤ ገባሁ። አውቶቡስ ላይ ሳሰናዳው ነበር፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ የሚያፍር ሐኪም ከማያውቅ ሐኪም ይልቅ አደገኛ ስለመሆኑ። ንግግር ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ኩሽና ውስጥ ነበረች። ጀርባዋን ሰጥታኝ የወንበሩን መደገፊያ በክር እየቋጠረች ነው፣ በአንድ እጅ። ጥሩ ቋጠሮ ነው። አሁን የጀመረች ሰው ቋጠሮ አይደለም።

«ማን አሳየሽ?»

«አንተ» አለች ሳትዞር። «ሁልጊዜ ሻይ እየጠጣህ እጅህ ሲሠራ አያለሁ። ነገ ሕክምና ልላቸው ነው።»

«ምክሬን ሳትሰሚ?»

«ምክርህማ በአንዱ ረቡዕ ሌላ፣ በሌላው ረቡዕ ሌላ ነው። እጅህ ግን አንድም ቀን ክር ጥሎ አያውቅም።»

አውቶቡስ ላይ ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋኝ። እሷ ክሩን ይዛ ወደ ቁምሳጥኑ ሄደች። እጀታው ላይ ለመድረስ በእግር ጣቶቿ ተነሳች፤ ከእኔም ታጥራለች፣ ምስኪን። ቋጠረች። ላላ። ደገመች። ላላ።

«ይሄ ለምን እምቢ ይለኛል?» አለች።

ወንበሩን አነሳሁና እግሯ ሥር አደረግኩላት። አንዴ እኔን፣ አንዴ ወንበሩን አየች። ከዚያ ወጣች።

እናቴ የጫማዋን ኮቴ እያሰማች ከሳሎን ተጣራች፦ «ኩሽና ውስጥ ያላችሁት፣ መንጠራራት የለም!»

«አልተንጠራራንም!» አለች ትንሿ ከላይ ሆና።